የቸሩ ቤት አንገት

ሶዶ ውስጥ አንድ ልብስ ሰፊ ከማን እጅ ሙያ እንደቀሰመ ለማወቅ የሰፋውን ኮት መገልበጥ አያስፈልግም ነበር፤ ክር ሲያስገባ ማየት ይበቃል። አንገቱን ወደ ግራ ጣል ካደረገ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሌላውን እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ካጠበበ፣ መርፌውንም ከግንባሩ በላይ ወደ ብርሃን ካነሳ፣ በቃ፣ ሰውየው የቸሩ ቤት ልጅ ነው። ጋሽ ቸሩ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው፣ ሶዶ ገበያ ጀርባ አንዲት ሲንጀር የስፌት መኪና ተክለው ስንቱን አሠልጥነው ሸኝተዋል። ቦዲቲ ሱቅ የከፈቱ አሉ፤ ቤሌ የወረዱም አሉ። ሁሉም ያዘነብላሉ። እነሱ ያስተማሯቸውም ያዘነብላሉ። ጋሽ ቸሩ በሕይወት ሳሉ አንድ ለማጅ ቀጥ ብሎ መርፌ ሲይዝ ካዩ ትከሻውን መታ ያደርጉና፣ «አንገት! አንገትህን! ቀጥ ያለ አንገት ለወታደር ነው፤ እኛ ሰፊዎች ነን!» ይሉ ነበር።

ዘመነች የጋሽ ቸሩ ልጅ ናት። በዚያችው ቤት ጓዳ ተወለደች፣ በጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ዳዴ አለች፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ እግሯ ፔዳል ሳይደርስላት ቆማ መርገጥ ጀመረች። ዛሬ ስፌት ቤቱ የሷ ነው። ሶዶ ውስጥ የኳየር ልብስ ከተባለ ዘመነች ናት። ዘማሪዎቹ እጃቸውን ወደ ላይ ሲያነሱ እጅጌው እንደ ክንፍ ዘርጋ እንዲል፣ ሲያወርዱት ደግሞ ሳይጨማደድ እጥፍ እንዲል አድርጋ የምትቆርጠው እሷ ብቻ ናት ይባላል። ወሬ ደግሞ ነፍሷ ነው። ሰው ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ የልጁን የሰርግ ቀን አስቆርጦ ይወጣል። ባሏ ዮሴፍ የወላይታ ልጅ ነው፤ ቤሌ ጨርቅ እየሸጠ ለእሁድ ይመለሳል። እሷም ወላይትኛውን እንዲህ አቀላጥፋ ስለምትናገር የገበያ ሴቶች «የማን ጎሳ ነሽ?» ይሏታል።

ይቺ ሴት አንድ ፍርሃት ነበረባት፤ እሱም የልጆቿ ዓይን ነው።

ወንድሟ ደጉ የቤቱ አንደኛ ቆራጭ ነበር። በጠመኔ ሳያሰምር በመቀስ ብቻ የሚሄድ ሰው። በወጣትነቱ ዓይኑ መድከም ጀመረ። መነጽር ገዛ፤ ሳይቆይ አልሆነውም፤ ሌላ ገዛ፤ እሱም አልሆነው። ከዚያ አንድ ማለዳ ሲነሳ የግራ ዓይኑ ወተት ጠብ እንዳለበት ነጥቶ ተገኘ። ሕመሙ ሲያልፍ ጠባሳው ቀረ፤ ዓይኑም አብሮ ቀረ። የቀኙም ደህና አልነበረም። ደጉ መቀሱን ሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ስፌት ቤቱ በር ላይ ተቀምጦ መንገደኛን በድምፁ እየለየ መቀለድ ሆነ ሥራው።

በቤቱ ይህ ነገር ስም ነበረው፦ «የስፌት ዓይን»። ጋሽ ቸሩም ነበራቸው፣ ደጉም፣ ዘመነችም በመጠኑ። መርፌ ላይ ሲያፈጡ መኖር ዓይን ይበላል፤ ይኼ ነው እምነታቸው። ስለዚህ ዘመነች ወንድ ልጇን ሲላስን ከስፌት አራቀችው። መኪናዋ አጠገብ ሲደርስ በጨርቅ ታባርረዋለች። «ሂድ! አንተ እንኳን ዓይንህን ይዘህ ቅር!» ሲያድግም ባጃጅ ያዘ፤ እሷም ደስ አላት። ሴት ልጇ ኤልሻዳይ ግን አልተባረረችም። ብታባርራት በመስኮት ተመልሳ የምትገባ ልጅ ናት። መቁረጥ ትወዳለች፣ መስፋት ትወዳለች፤ መርፌ ስትይዝም አንገቷ ልክ እንደ አያቷ ወደ ግራ ጣል ይላል። ዘመነች ያንን አንገት ባየች ቁጥር የደጉ ዓይን ይታወሳታል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ክብረት የምትባል ወጣት ለኳየር ልብስ ልትለካ መጣች። ኦቶና ሆስፒታል የዓይን ክፍል ነው የምትሠራው። ዘመነች ደረቷን እየለካች ስለ ኳየሩ መሪ ታወራላታለች፤ ክብረት ግን ጆሮዋን ብቻ ሰጥታ ዓይኗን ቤቱ ውስጥ ታዞራለች። ጥግ ላይ ሶርሳ ክር እያስገባ ነው፤ አንገቱ ያዘነበለ። ሶርሳ ከጋሽ ቸሩ ጊዜ ጀምሮ እዚያች ወንበር ላይ ያረጀ የወላይታ ሰው ነው። መስኮቱ ሥር ኤልሻዳይ፤ አንገቷ ያዘነበለ። በሩ ላይ ደጉ ማን እንደመጣ ለማየት ዞሯል፤ አንገቱ ያዘነበለ። ዘመነችም ሜትሩ ላይ ያለውን ቁጥር ልታነብ አዘነበለች።

«እትዬ ዘመነች፣ ሁላችሁም አንገታችሁ ምን ሆኖ ነው?» አለች ክብረት።

«ምን ይሆናል? ሙያ ነው!» አለ ሶርሳ ቀና ሳይል። «የቸሩ ቤት አያያዝ ይባላል። ቦዲቲም ብትሄጂ ታገኚዋለሽ።»

ክብረት ሳቅ አለችና ዘመነችን መርፌ አስያዘቻት። «እስቲ ክሩን ይመልከቱ። ስንት ክር ይታይዎታል?»

«ሦስት» አለች ዘመነች።

«ሦስት?»

«ሦስት ነዋ! ግራ ቀኝ ያሉት ጥላዎች ናቸው፤ እነሱን ትተሽ የመሃሉን ነው የምታስገቢው። አባቴ ሲያስተምረኝ ‹የመሃሉን ያዢ፣ የዳሮቹ አታላይ ናቸው› ነው ያለኝ።» ከዚያ የክብረትን ፊት አይታ ቆም አለች። «ምነው? ሰው ሁሉ እንደዚያ አይደለም እንዴ?»

ሶርሳ መርፌውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሦስት?» አለ። «የምን ሦስት? ለኔ እኮ ሁልጊዜ አንድ ነው!»

«ታዲያ አባቴ የመሃሉን ያዝ ሲልህ ምን ታደርግ ነበር?»

«እኔማ መሃል እፈልጋለሁ፤ መሃል የለም! አንዱን ይዤ አስገባለሁ። ገና አልበሰልኩም፣ ሙያው ሲገባኝ ሦስት ይሆንልኛል ብዬ ዕድሜዬን ሙሉ ስጠብቅ ኖርኩ!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ደጉ በሩ ላይ ሆኖ ጉልበቱን እየመታ፣ «ሶርሳ፣ እንኳንም አልበሰልክ! እንኳንም ጥሬ ቀረህ!» ይላል። ክብረት ግን ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ «ጋሽ ሶርሳ፣ አንገትዎን ቀጥ አድርገው ያስገቡት» አለችው። ሶርሳ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ክሩ በመጀመሪያው ሙከራ ሽው ብሎ ገባ። አፉን ከፍቶ መርፌውን ተመለከተው።

«ሎኦ!» አለ በወላይትኛ፤ ደግ ነው ማለቱ ነው። «ለካ ይቻላል!»

«እትዬ ዘመነች፣ አሁን እርስዎ።» ዘመነች ቀጥ አለች። ክሩ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጣቷን ወጋት። አልሆነም። ክብረት ሌላ ጠየቀቻት፦ አባታቸው እንዲህ ነበሩ? ነበሩ። የአባታቸው ወንድም፣ እህት?

«አክስቴ መብራት ነበረች፤ እዚያው አገር ቤት። እንሰት ስትፍቅ የኖረች ናት፤ መርፌ ይዛም አታውቅ። እሷም ሰው ከሩቅ ሲመጣ አንገቷን ጣል አድርጋ ነበር የምታየው። ኩራተኛ ናት ይሏት ነበር፣ ምስኪን።»

«እንግዲያው ይሄ ነገር የዘር ሳይሆን አይቀርም» አለች ክብረት።

ሶርሳ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እህቴ፣ እዚህ ቤት የዘር ወሬ አይወራም። እኔ ወላይታ ነኝ፣ እሷ ጉራጌ ናት፣ ባሏ ወላይታ፣ ልጆቹ ከሁለቱም። ዘር ሳንቆጥር ስንሰፋ ነው የኖርነው።»

«ኧረ ጋሽ ሶርሳ፣ የዚያን ዘር አይደለም ያልኩት!»

«ሌላ ዘር አለ እንዴ?»

«የደሙን ነው! አፍንጫ ከአያት እንደሚመጣው፣ ራሰ በራነት ከአባት እንደሚመጣው!»

«እንደሱ በይ እንጂ! ልታጣዪን ነው እንዴ!»

ዘመነች ግን አልሳቀችም። ትከሻ እንደሚወረስ ስንት ዘመን ስትለካ ታውቃለች፤ የአያቱ ቀኝ ትከሻ ዝቅ ያለ ከሆነ የልጅ ልጁም ኮት በቀኝ በኩል ይወርዳል። ሶርሳን አየችው፤ ያንኑ መኪና፣ ያንኑ መስኮት፣ ያንኑ መርፌ ይዞ የኖረ፤ ዓይኑ ግን እንደ ጭልፊት። አክስቷ ደግሞ መርፌ ሳትነካ። «መርፌው አይደለም!» አለች ጮክ ብላ። «ደጉ፣ ሰማህ? መርፌው አይደለም! በከንቱ ነው መርፌን ስናማ የኖርነው!»

ክብረት እርግጠኛ የሚያደርገው ምርመራ ነው እያለች ነገሩን አስረዳቻት። ስሙ ኬራቶኮነስ ይባላል። ሶርሳ «የአዲስ አበባው ቄራ?» አለና ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቱ የበሽታው ስም ቄራ ሆኖ ቀረ። ከዓይን ፊት ለፊት ያለው፣ ብርሃን የሚያስገባው ጥርት ያለ ብሌን እየሳሳ ይሄድና ወደ ፊት እየሾለ ይወጣል፤ የሾለ ብሌን ደግሞ አንዱን ነገር ሦስት ያደርጋል። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ይመላለሳል፤ ግን ሁሉም ላይ አይወድቅም። አብዛኛውን ጊዜ በጉርምስና ይጀምራል። ዓይን ማሸት ያባብሰዋል።

«ጉልበቱ የተነፋ ሱሪ ማለት ነዋ!» አለች ዘመነች። «ጨርቁ ስስ ነው፤ ሰውየው ይንበረከካል፣ ይንበረከካል፤ ጉልበቱ ጋ ይነፋል!»

«በጣም ነው የሚመስለው» አለች ክብረት ተደንቃ። «ማሸቱ እንደ መንበርከኩ ነው።»

«ታዲያ ስትተኩሺው ይመለሳላ?»

«አይ፣ እሱ ላይ ይለያያል። የተነፋው ጨርሶ አይመለስም። ግን ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ጨርቁን ማጠንከር ይቻላል፤ ከዚያ ወዲያ እንዳይነፋ።»

ሁሉም ዞረው ኤልሻዳይን አዩ። ልጅቷ መርፌ ይዛ ቀጥ ለማለት እየሞከረች ነበር። አንዴ ሳተች። ሁለተኛ ሳተች። አንገቷ እንቢ ብሎ ወደ ግራ ይሄዳል።

«ስንት ይታይሻል?» አለች እናቷ ጠጋ ብላ።

«እኔንጃ እማ… አንድ መሰለኝ። እናንተ ሦስት ሦስት ስትሉ ግራ ገባኝ!»

ነገሩ ይኸው ነበር እንግዲህ። ኤልሻዳይ የምታዘነብለው እንደ ሶርሳ ስላስተማሯት ነው ወይስ እንደ እናቷ ስላልታያት? በመርፌ አይለይም። ክብረት እንደ አጋጣሚ በሚቀጥለው ሳምንት ከአዲስ አበባ የዓይን ሐኪሞች ቡድን ኦቶና እንደሚመጣ፣ የብሌንን ካርታ የሚያነሳ መሣሪያም እንደሚይዝ ነገረቻቸው። «ደም የሚያገናኛችሁ ሁሉ ኑ። ወንድሟም ይምጣ።»

«ሲላስ? ሲላስማ መርፌ ነክቶ አያውቅም!» አለች ዘመነች፤ ተናግራ እንደጨረሰች ግን ራሷ የተናገረችውን ሰማች።

ያ ሳምንት በዘመነች ቤት የሰርግ ዋዜማ መሰለ። ቦዲቲ ላሉት የአክስቷ የመብራት ልጆች ደወለች፤ «ልጆቻችሁ አንገታቸውን ያዘነብላሉ? ዓይናቸውን ያሻሉ?» እያለች። አንዷ ዘመድ «ልጄን ልታጋቢያት ነው እንዴ እንዲህ የምትመረምሪያት?» አለቻት። ደጉ በበኩሉ አልሄድም አለ። የሱ ነገር ያለቀ ነው፤ መሣሪያውን ለምን ያደክማል?

«አንተን እኮ ለዓይንህ አይደለም የምንወስድህ» አለችው ዘመነች። «ከአባታችን የወረስከውን ለሐኪሙ ልናሳይ ነው።»

«አሃ፣ ለናሙና! እንደሱ ከሆነ ኮት ልልበስ» አለ ደጉ፤ ተነሳም።

ቀኑ ደርሶ ሲላስ ሁሉንም በባጃጁ ጫነ። ከኋላ ዘመነች፣ ኤልሻዳይና ደጉ፤ ከፊት ከሹፌሩ ጎን በግማሽ መቀመጫ ሶርሳ። ሶርሳ የደም ግንኙነት የለውም፤ ግን «የበሰለና ያልበሰለ ማነጻጸሪያ ያስፈልጋችኋል» ብሎ መጣ። ሲላስ መንገዱን ሁሉ ይቀልዳል። ምሳ ላይ የበላው የሚያቃጥል ዳጣ ይሁን የመንገዱ አቧራ፣ አንዱን ዓይኑን በጣቱ አንጓ እያሸ፣ «እኔ መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት በዚህ ዓይን ነው! ከዳሞታ ተራራ ላይ ያለችውን ፍየል ወንድ ትሁን ሴት ልንገራችሁ?» ይላል።

የዓይን ክፍሉ በር ላይ ወረፋው ረጅም ነበር። ሲደርሳቸው ክብረት ወደ ጠባብ ክፍል አስገባቻቸው። ዶክተር ጉልላት የሚባሉት ሐኪም ከመሣሪያው ኋላ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ስክሪን አለ። አገጭ እዚህ፣ ግንባር እዚህ፣ ሳይርገበገቡ ቀለበቶቹን መመልከት። ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ባለ ቀለም ክብ ይወጣል። ሰማያዊና አረንጓዴ ደህና ነው፤ ወደ ብርቱካንና ወደ ቀይ ሲሄድ ብሌኑ ሾሏል ማለት ነው።

መጀመሪያ ዘመነች ተቀመጠች። ሁለቱም ዓይኖቿ ከሥር በኩል ቀላ ብለው ወጡ፤ እንደ በሰለ ቲማቲም። ዶክተሩ እንደሷ ላለው የሚሆን ጠንካራ የዓይን ሌንስ እንዳለ ነገሯት፤ እሷ ግን አልሰማችም። «የኔ ይቆይ፤ ልጆቹን ዶክተር፣ ልጆቹን!» ደጉ ተቀመጠ። የግራውን መሣሪያው ሊያነበው አልቻለም፤ የቀኙ ቀይ ነው። ሶርሳ ተቀመጠ፤ አረንጓዴ፣ ልክ እንደ ሐምሌ የዳሞታ ሥር ማሳ። «አያችሁ?» አለ ደረቱን ነፍቶ። «ጥሬ ማለት ይሄ ነው!»

ከዚያ ኤልሻዳይ።

ዘመነች የልጅቷን ጀርባ ይዛ ቆማለች። ብልጭ አለ። ቀኙ ወጣ፤ አረንጓዴ። ግራው ወጣ። ዶክተሩ ጠጋ ብለው አዩ፣ ቁጥሮቹን አነበቡ፣ ደገሙ።

«ንጹሕ ነው» አሉ። «ምንም የለባትም። በየዓመቱ ትታይ እንጂ አሁን ምንም የለባትም።»

ዘመነች እልል አለች። ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች የአንዱ ሰው ዓይን የበራ መስሏቸው ከውጭ እልልታውን ተቀበሉት። አንዲት ነርስ «እባካችሁ፣ ሆስፒታል ነው!» እያለች መጣች፤ የራሷም ጥርስ ግን አልተከደነም። ኤልሻዳይ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ «እና ሙሉ ዘመኔን በከንቱ ነው አንገቴን ያጣመማችሁት?» ትላለች። ሶርሳ «የኔን ዕድሜ አስቢው እንጂ!» ይላታል።

በዚያ ጫጫታ መሃል ሲላስ ለቀልድ ያህል ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። «በሉ ፎቶ አንሱኝ፣ መልኬን አሳምሩልኝ።» ክብረት አገጩን አስተካከለችለት። ብልጭ።

ግራው ሲወጣ ዶክተር ጉልላት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ። ከመሃሉ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ትንሽ ብርቱካናማ ነጥብ። እንደገና አነሱት፤ ነጥቧ አለች። ሦስተኛ አነሱት። አሁንም አለች፤ እዚያው ቦታ፣ እንደ ፍም። በቀኙም ላይ ገና ቢጫ የሆነች ጥላ።

ዘመነች ቀለሙን አየች። ማንም መንገር አላስፈለጋትም። ከመርፌ ያባረረችው ልጅ። በጨርቅ እየመታች ያሸሸችው።

«ግን እኔ አያለሁ!» አለ ሲላስ ተነስቶ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የፊደል ሰሌዳ እስከ መጨረሻዋ ረድፍ ድረስ በአንድ ትንፋሽ ወረደው። «አያችሁ? ምንም አልሆንኩም!»

«እንድንደርስበት የምንመኘው ይህን ጊዜ ነው እኮ!» አሉ ዶክተሩ፤ ዓይናቸው ውስጥ ደስታ ነበር፣ ሊደብቁትም አልቻሉም። «ወንድሜ፣ እኛ ጋ ሰው የሚመጣው እንደ አጎትህ ከሆነ በኋላ ነው። አንተ ሳይታወቅህ መጣህ! አዲስ አበባ መጥተህ ብሌኑን ብናጠነክረው እዚያው ላይ ሊቆም ይችላል። የቫይታሚን ጠብታ ነው፤ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ልዩ ብርሃን። ጥቂት ቀን ያምሃል፤ ከዚያ ያልፋል።»

«ደህና ዓይኔን? ሳያመኝ ላሳምመው?» አለና ሲላስ በሩን ገፍቶ ወጣ።

ዘመነች ልትከተለው ስትል ደጉ ክንዷን ያዘ። «ተይው፤ እናት ስትለምን ወንድ ልጅ ይገግማል። ይሄ የኔ ነው።» በሶርሳ ትከሻ ተደግፎ ወደ ባጃጁ ሄደ። ሲላስ መሪውን ይዞ ተኮሳትሯል። ዘመነች ከሆስፒታሉ ግቢ ዛፍ ጥላ ሆና ትሰማለች፤ ጆሮዋ ከባጃጁ አልራቀም።

«ሲላስ» አለ ደጉ ከኋላ ገብቶ እየተቀመጠ፣ «ማታ ስትነዳ፣ ከፊትህ የሚመጣው መኪና መብራቱ እንዴት ነው?»

«እንዴት ይሆናል? መብራት ነው። ያው ጭራው ያስቸግራል።»

«የምን ጭራ?»

«ወደ ታች የሚወርደው ጭራ ነዋ! መብራት ሁሉ ጭራ አለው አይደል?»

ደጉ ወደ ሶርሳ ዞረ። «ሶርሳ» አለ፣ «መብራት ጭራ አለው?»

ሶርሳ ግራ ገባው። «መብራት? ላም ነው እንዴ?»

ሲላስ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን መሃል ላይ ቀረ። መሪውን ለቀቀ። «ጋሽ ሶርሳ፣ ቀልድህን ተው። የመንገድ መብራት፣ የመኪና መብራት… ምንም የለውም?»

«ክብ ነው ልጄ። ድብልብል ያለ።»

«አጎቴ፣ አንተስ?»

«የኔም በጭራ ነው የጀመረው» አለ ደጉ። «ካንተ ትንሽ ከፍ ስል። ያኔ ግን ይሄን ቀለም የሚያወጣ መሣሪያ አልነበረም፤ የሚነግረኝም አልነበረም። ‹መርፌ ቀንስ› አሉኝ፣ ቀነስኩ። ጭራው ግን አልቀነሰም። በል፣ እጅህን ከዓይንህ ላይ አንሳ!» እጁን ያዘው፤ ልጁ ሳያውቀው እያሸ ነበር።

ሲላስ ወርዶ፣ የተቀመጡትን አልፎ፣ ወረፋውን ጥሶ፣ የዶክተሩን በር ከፍቶ፣ «መቼ ልምጣ?» አለ። ዘመነች ከዛፉ ሥር ሆና ሰማች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች፤ እልልታው ግን ከነጠላው በታች አምልጦ ወጣ።

አዲስ አበባ አብሮት የሄደው ደጉ ነው። ስንት ዓመት ከበሩ ያልራቀ ሰው ኮቱን ለብሶ፣ «ልጁን የምመራው እኔ ነኝ» እያለ አውቶቡስ ተሳፈረ። ማን ማንን እንደመራ ባይታወቅም ሁለቱም በደህና ተመለሱ። ሲላስ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ አጎቱ ደግሞ የመንገዱን ወሬ ሁሉ ይዞ። ጠብታው፣ ሰማያዊው ብርሃን፣ ከዚያ በኋላ ዓይን ውስጥ አሸዋ የተበተነ የሚመስለው ሕመም፤ ሁሉንም ራሱ ላይ የደረሰ ያህል ነበር የሚያወራው። ከዚያ በኋላ ስፌት ቤቱም፣ የባጃጅ ተራውም አንድ ቃል ተማሩ፦ «እጅ!» የሲላስ እጅ ወደ ዓይኑ ከተነሳች ሹፌሩም፣ ተሳፋሪውም፣ ሙዝ ሻጯም በአንድ ድምፅ «እጅ!» ይላሉ። ለማሳከኩ የሚሆን ጠብታ ክብረት ሰጥታዋለች፤ ጠብታውን ቢረሳ እንኳ ሰዉ አይረሳለትም።

ኤልሻዳይ ቀጥ ብላ መስፋት ለመደች። ሶርሳ ግን አቃተው። «አንገቴ ራሱ ይሄዳል፤ እኔ ምን ላድርግ?» ይላል።

የቀረው ነገር አንድ ብቻ ነበር፦ ያቺ ብርቱካን ነጥብ ቆማለች ወይስ እያደገች ነው? እሱን የሚናገረው ከወራት በኋላ የሚነሳው ካርታ ነው። ያንን ጊዜ ዘመነች እንዴት እንዳሳለፈችው ደንበኞቿ ያውቃሉ። ኮሌታ ስትለካ ዓይናቸው ውስጥ ታያለች። «መብራት ጭራ አለው?» ብላ ትጠይቃለች። ሰዉ መጀመሪያ ይስቃል፤ አንዲት ከቦዲቲ የመጣች ልጅ ግን «አዎ» አለቻት፤ ዘመነች ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ልጅቷን ይዛ በቀጥታ ወደ ክብረት በረረች።

ሲላስ ለካርታው ወደ አዲስ አበባ የሄደ ቀን ፓስተር ባዳቾ ለልጃቸው ሰርግ ሙሉ ልብስ ሊለኩ መጥተው ነበር። ፓስተር ባዳቾ ግዙፍ ሰው ናቸው፤ ዘመነች ወገባቸውን ለመዞር በሁለት እጇ አቅፋ ሜትሩን ከኋላ አገናኝታለች። በዚያው ቅጽበት ስልኳ ጮኸ። ኤልሻዳይ አንስታ ድምፁን ለሁሉም እንዲሰማ አደረገችው።

«እማ?»

«አለሁ! ሲላስ! በል ተናገር!»

«አነሱት።»

«እና? እና?»

«ያው ነው።»

«ምኑ ነው ያው?»

«ካርታው! የድሮውንና የአሁኑን ጎን ለጎን አደረጉት። አንድ ነው እማ! ንቅንቅ አላለችም! በየጊዜው እንድመጣ ነግረውኛል፣ ግን ዶክተሩ ራሳቸው ‹ቆማለች› አሉኝ!»

ዘመነች ጮኸች። ሜትሩን በሁለት እጇ እንደያዘች ወደ ራሷ ሳበችው፤ ፓስተሩ መሃል ላይ ነበሩ።

«እህት ዘመነች… ትንፋሼ…»

«ቆማለች ፓስተር! ንቅንቅ አላለችም!»

«ማን?»

«የልጄ ዓይን!»

«ሃሌሉያ!» አሉ ፓስተር ባዳቾ፤ ፊታቸው ቀልቷል። «ሃሌሉያ፣ ክብር ለስሙ ይሁን… ግን እህቴ፣ ሜትሩን ላላ አድርጊልኝ!»

ደጉ ከበሩ ሆኖ በስልኩ ላይ «ጎበዝ! ጎበዝ የኔ ልጅ!» ይላል፤ ኤልሻዳይ በእልልታ ቤቱን ታናውጣለች፤ ሶርሳ ካውያውን ጥሎ ያጨበጭባል። ዘመነች ሜትሩን ለቀቀች፤ ፓስተሩን ግን አልለቀቀችም፤ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ ታለቅሳለች።

ሁካታው በረድ ሲል ሶርሳ እርሳሱን አንስቶ፣ «እሺ፣ ወገቡ ስንት ሆነ?» አለ።

«እኔ አላውቅም!» አለች ዘመነች እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፤ ትስቅም ነበር። «ፓስተር፣ ይቅርታ፣ እንደገና ይቁሙልኝ። ዛሬ እንኳን የርስዎን፣ የከተማውን ሁሉ ወገብ ደግሜ ብለካ አይደክመኝም!»